መረብ ያልነበረው ጎል

ባለፈው ወር እዚህ ዩኒቨርሲቲ አንድ የክፍል ጓደኛዬ፣ "አንተ እኮ አገርህ ሳለህ የስፖርት ዘጋቢ ነበርክ አሉ፤ ለመጽሔታችን ስለ ኳስ አንድ ነገር ጻፍልን እንጂ" አለኝ። እሺ አልኩት። ሰው ሲጠይቀኝ እምቢ ማለት አልችልበትም። ማታውኑ ወረቀት ዘርግቼ ስቀመጥ ግን ከአንዲት ኳስ በቀር የምጽፈው ሌላ ኳስ እንደሌለኝ ገባኝ። እንግዲህ ውድ አንባቢያን፣ የምነግራችሁ ስለዚያች ኳስ ነው። ታሪኩ ደስ አይልም፤ ይህን አስቀድሜ ብናገር ይሻላል።

ያን ጊዜ ቡታጅራ የመጨረሻ ክፍል ተማሪ ነበርኩ። ትምህርት ቤታችን የግድግዳ ጋዜጣ ነበረው። አንድ ትልቅ ካርቶን ላይ በእጃችን ጽፈን፣ በዱቄት ሙጫ ከዕቃ ግምጃ ቤቱ ግድግዳ ላይ እንለጥፈዋለን። አንድ ቅጂ ብቻ ነው። ማንበብ የፈለገ እዚያው ቆሞ፣ በሰው ትከሻ ላይ አንገቱን አስግጎ ያነባል። የስፖርቱ ዓምድ የእኔ ነበር። ኃላፊያችን የአማርኛ አስተማሪው መምህር አስፋው ነበሩ። ቀጭን፣ ድምፃቸው ዝቅ ያለ ሰው ናቸው። ዘጋቢ ያደረጉኝ ቀን ጠመኔ አንስተው ሰሌዳው ላይ እንዲህ ጻፉልኝ፦ ያላየኸውን አትጻፍ። ያየኸውን አትደብቅ። ራስህን አትጻፍ። እኔ ትእዛዝ የማከብር ልጅ ስለነበርኩ ሦስቱንም እንደ ዳዊት ነበር የምደግማቸው።

የትምህርት ቤታችን ጎል መረብ አልነበረውም። ሁለት የባሕር ዛፍ ቋሚና ከላይ የተወጠረ ገመድ፣ ያ ነው ጎሉ። ስለዚህ ጨዋታ በተደረገ ቁጥር "ገብቷል!" "አልገባም!" የሚል ጭቅጭቅ አይጠፋም። እኔም በትክክል ለመጻፍ ስል ከጎሉ ኋላ መቆም ለመድኩ። ያለፈችውን ኳስ ሮጬ የማመጣውም እኔው ነበርኩ። ልጆቹ በዚህ ምክንያት "መረብ" የሚል ስም አወጡልኝ። "መረብ! ዛሬ እንዳትቀደድ!" ይሉኛል። እኔም እስቃለሁ።

ከቡድኑ ሁሉ የምወደው ከድርን ነበር። ከከተማው ወጣ ብሎ ካለ የመስቃን መንደር በእግሩ የሚመላለስ፣ እግረ ረጅም፣ ዓይናፋር ልጅ ነው። አባቱ ጋሽ ሁሴን በርበሬ ያመርታሉ። ከድር በትምህርቱ ደካማ ነበር። ሁለት ጊዜ ክፍል ደግሟል፤ አባቱም "ዘንድሮ ካለፍክ አለፍክ፣ ካላለፍክ ማሳው ይጠብቅሃል" ብለውታል። እንደማያልፍ እሱም እኛም እናውቅ ነበር። የቀረችው አንዲት በር ኳስ ነበረች። የአውራጃዎቹን ውድድር ያሸነፈ ቡድን አዲስ አበባ ሄዶ ይጫወታል፤ እዚያ ደግሞ የትልልቅ ቡድን ሰዎች ተቀምጠው ልጅ ይመርጣሉ። ከድር ይህን ሲያወራ ድምፁ ይለወጥ ነበር።

ችግሩ ከድር ተጠባባቂ መሆኑ ነው። በውድድር ላይ ጎል አግብቶ አያውቅም። ጋዜጣው በተለጠፈ ቁጥር ግን ከፊት የሚቆመው እሱ ነው፤ ጣቱን ከፊደል ፊደል እያስኬደ የእኔን ዓምድ ብቻ ያነባል።

"ደምሴ፣ አንድ ቀን እኔ ባገባ ምን ብለህ ትጽፋለህ?" አለኝ አንድ ቀን።

"ስምህን በቀይ ቀለም እጽፈዋለሁ።"

"ወላሂ በል!"

"እኔ ክርስቲያን ነኝ።"

"እሺ ማርያምን በል።"

"ማርያምን" አልኩት። ቀይ ቀለም ለርዕስ ብቻ የምንቆጥበው ነገር ነበር።

የመጨረሻው ግጥሚያ ከወልቂጤ ልጆች ጋር ሆነ። እኛ ወልቂጤ አንሄድም አልን፤ እነሱም ቡታጅራ አንመጣም አሉ። ሁለቱም ወገን የሌላውን ሜዳ ፈራ። በመጨረሻ ከሁለቱ ከተሞች መካከል ደጋው ላይ፣ አረቅጥ እንድንገናኝ ተስማማን። አረቅጥ የኳስ ሜዳ የላትም፤ ጀፎረ ግን አላት። ጀፎረ በመንደሩ ቤቶች መካከል የተዘረጋ ሰፊ የሣር መንገድ ነው። ሰርጉም ለቅሶውም፣ የሽማግሌ ችሎቱም እዚያው ነው የሚደረገው። የወልቂጤ ልጆች በእንድብር በኩል በጭነት መኪና መጡ። እኛ ግን በስተምሥራቅ በኩል መንገድ ስላልነበረን የዘቢዳርን ተራራ በእግራችን ወጣነው። መምህር አስፋው ብቻ በበቅሎ ነበሩ።

"መምህር፣ በቅሎዋ ትጫወትልን፤ ከከድር ትሻላለች!" አለ አንዱ ከኋላ።

"እሷ እንኳ ግራ እግሯ ጠንካራ ነው" አለ ከድር ራሱ። ሁላችንም ሳቅን። በዚያ መንገድ ላይ የሳቅነውን ያህል ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም ስቄ አላውቅም።

የአረቅጥ ሰዎች በየቤታቸው አሳደሩን። ጠዋት ስንወጣ ጭጋጉ ጀፎረውን ውጦታል። ቋሚዎቹ ተተክለዋል፤ መረብ የለም። የመንደሩ ሰው ጋቢውን ተከናንቦ በሁለቱም በኩል ቆመ። ዳኛው ከሌላ አገር የመጡ አስተማሪ ነበሩ፤ ሰውም ቦታውም እንግዳ ሆኖባቸዋል።

ጨዋታው ተጀመረ። ኳሷ በረጠበው ሣር ላይ እየከበደች ሄደች። የወልቂጤ ደጋፊዎች "በርበሬ ነጋዴ! ሂድ ሸጠህ ግባ!" ይሉናል፤ የእኛዎቹ "ቆጮ ዋጥ አርጋችሁ ነው የመጣችሁት፣ መሮጥ አቃታችሁ!" ብለው ይመልሳሉ። የመንደሩ ሽማግሌዎች በሁለቱም ስድብ እኩል ይስቃሉ። ቆጮውን የሚበሉት ሁሉም ናቸውና። ከዕረፍት በኋላ የእኛ አጥቂ ቁርጭምጭሚቱ ዞረና ከድር ገባ። በጎሉ በኩል ሲያልፍ አየኝና፣

"መረብ፣ ቀዩን ቀለም ይዘሃል?" አለኝ።

"ቡታጅራ ነው ያለው።"

"እንግዲያው ቶሎ እንመለስ!" ብሎ ሮጠ።

ጨዋታው ሊያልቅ ሲል እኔ ከወልቂጤዎች ጎል ኋላ ነበርኩ። በትክክል ልንገራችሁ፤ ከቋሚው ኋላ ሳይሆን ከቋሚው ውጭ፣ በግራ በኩል ነበር የቆምኩት። ከድር ከሩቅ ሲመታ እግሩ ብቻ ከጭጋጉ ውስጥ ታየኝ። ከዚያ ኳሷ መጣች። በረኛው አልዘለለም፤ እጁን አጣጥፎ "ውጭ ነው!" ብሎ ሳቀ። ኳሷ ቋሚውን በውጭ በኩል አልፋ ጭኔን መታችና እግሬ ሥር ወደቀች። ሱሪዬ ላይ ክብ የጭቃ ማኅተም ቀረ።

ፊሽካ ተነፋ። መስመር ዳኛው ባንዲራውን አንስቷል። ዳኛው ወደ መሀል ሜዳ አመለከቱ። ጎል!

የእኛ ልጆች ሲጮኹ ተራራው ያስተጋባ መሰለኝ። ከድርን ከመሬት አንሥተው ተሸከሙት። ፊቱን አየሁት። እንደዚያ ያለ ፊት አይቼ አላውቅም፤ የሚስቅም የሚያለቅስም ይመስላል። እኔ ኳሷን ይዤ እንደ ቆምኩ ቀረሁ።

የወልቂጤ ልጆች ተሰብስበው ዳኛውን ከበቡ። ከዚያ አንድ ባንድ ጀፎረው ላይ ተቀመጡ። "አንጫወትም!" አሉ። ዳኛው ሰዓታቸውን ያያሉ፣ ፊሽካቸውን ይነፋሉ፤ የሚነሣ ጠፋ። ያኔ ከሽማግሌዎቹ አንዱ፣ አቶ ንዳ የሚባሉ፣ ዘንጋቸውን ይዘው ወደ ሜዳው ገቡ።

"አባቴ፣ መስመሩን አልፈዋል፤ ይውጡ እባክዎ" አሉ ዳኛው።

"መስመሩ የእናንተ ነው ጌታዬ፤ ጀፎረው ግን የእኛ ነው። እዚህ ላይ ሰው ተጣልቶ አይለያይም" አሉ አቶ ንዳ። አማርኛቸው የጉራጌኛ ቃና ነበረው። ዞር ብለው፣ "በደጁ ኋላ ማን ነበረ?" ሲሉ ጠየቁ።

ሁሉም ወደ እኔ ዞረ።

መምህር አስፋው ከዳር ፈጥነው መጥተው ክንዴን ያዙ። ጆሮዬ ሥር፣ "እንዳትናገር" አሉኝ። "አንተ ጋዜጠኛ ነህ እንጂ ምስክር አይደለህም። ያየኸውን ትጽፈዋለህ። እዚህ አይደለም የምትናገረው። ሰዉን እየው፣ ሰዉን!"

ሰዉን አየሁት። በሁለቱም በኩል ወደ ፊት እየተገፋ ነበር። አቶ ንዳ ግን ከፊቴ ቆመው ከእግራቸው ሥር ሣር ነጩና እንደ መሐላ መዳፌ ላይ አኖሩት።

"ልጄ፣ የማን ልጅ እንደሆንክ አልጠየቅሁህም። ኳሱ በየት በኩል አለፈ?"

ውድ አንባቢያን፣ እዚህ ላይ ቆም ብላችሁ አስቡልኝ። "ያየኸውን አትደብቅ" ብለው ያስተማሩኝ ሰው ክንዴን ይዘው ዝም በል ይሉኛል። የማላውቃቸው ሽማግሌ ደግሞ ሣር አስይዘው ተናገር ይሉኛል። ከማዶ ከድር በሰው ትከሻ ላይ ሆኖ ያየኛል። ሁሉንም ደስ ማሰኘት ለሚፈልግ ሰው ከዚህ የባሰ ቦታ የለም። ሽማግሌው ዓይናቸውን ወደ ሱሪዬ አወረዱ፤ የጭቃውን ማኅተም አዩት። ቀና አሉ። አይተዋል፤ ግን ከአፌ መስማት ፈለጉ።

"በውጭ ነው ያለፈው" አልኩ። "እኔ የቆምኩት ከቋሚው ውጭ ነበር። መጥቶ የመታኝ እኔን ነው።"

ከዚያ የወልቂጤ ልጆች ካሉበት "ሌባ! ሌባ!" የሚል ጩኸት ተነሣ። ከእኛ በኩል ደግሞ፣ "ከሃዲ! ስንት ከፈሉህ? መረብ አይደለህም፣ ወንፊት ነህ!" የሚል። ዳኛው እጃቸውን እያወዛወዙ፣ "እኔ ከተማሪ ፍርድ አልቀበልም፤ ጎል ነው ብያለሁ!" ብለው ጮኹ። ሁለቱ ወገን ከሁለት አቅጣጫ ወደ መሀል ፈሰሰ። አቶ ንዳ ዘንጋቸውን በአግድም ይዘው "ኧረ በጀፎረው! ኧረ በአባቶቻችሁ!" ይላሉ። እኔ ፊቴን ወደ እሳቸው አድርጌ ነበር የቆምኩት። ጀርባዬን የሰጠሁት ለሜዳው ነው።

ከኋላዬ አንድ ድምፅ ሰማሁ። እርጥብ ሣር ላይ ዱባ ሲወድቅ እንደሚሰማው ያለ ድምፅ ነው። ስዞር ከድር ከእኔ ጥቂት ራቅ ብሎ ተንበርክኳል። ሁለቱ እጆቹ ፊቱ ላይ ናቸው። በጣቶቹ መካከል ደም ይወርዳል። ከጉልበቱ አጠገብ የእንቁላል ያህል ድንጋይ ወድቋል።

ሜዳው ቀጥ አለ። የሮጠው ሁሉ ባለበት ቆመ። ድንጋዩን ማን እንደ ወረወረው የጠየቀ አልነበረም፤ እኔም አልጠየቅሁም። ከጭጋጉ ነው የመጣው።

አረቅጥ ሐኪም አልነበረም። የሰፈሩ ሴቶች በንጹሕ ነጠላ ዓይኑን ጠመጠሙለት፤ ወንዶቹ ከባሕር ዛፍና ከብርድ ልብስ ቃሬዛ ሠሩ። የወልቂጤው በረኛ መጥቶ ካናቴራውን አወለቀና ከከድር ራስ ሥር አነጠፈው። መኪናቸው በወልቂጤ በኩል ነው የሚሄደው፤ ልጆቹ "በእኛ መኪና ይሂድ" ቢሉ የእኛዎቹ "በእናንተ እጅ አንሰጠውም" ብለው እምቢ አሉ። ያ እምቢታ ከድርን ምን እንዳስከፈለው ዛሬም አላውቅም። መምህር አስፋው ሊያስማሙ ሞከሩ፤ የሰማቸው የለም። እንደ መጣነው በተራራው ላይ መመለስ ሆነ።

ቃሬዛውን ለመሸከም ስጠጋ ልጆቹ ትከሻዬን ገፈተሩኝ። "አንተ አትንካው!" አለኝ አንበሉ። ከቃሬዛው ላይ ከድር፣ "ይሸከም" አለ በደከመ ድምፅ። "ቁመቱ ከአንተ ጋር እኩል ነው፤ አያንገዳግደኝም።" በዚያ ሁኔታ ላይ ሆኖ እንኳ ቀለደ። ከራሱ በኩል ያለውን እንጨት ያዝኩ።

አቶ ንዳ እስከ ተራራው ጫፍ ድረስ በእግራቸው አብረውን ወጡ። ስንለያይ ከእኔ ጋር ትንሽ ቆሙ። "ልጄ፣ እውነት ጠየቅሁህ፣ እውነት ሰጠኸኝ። የማኖርበት ቦታ ግን አላዘጋጀሁም ነበር" አሉ። ከዚያ ፊታቸውን ወደ መንደራቸው መለሱ። በዘንጋቸው ላይ ጎብጠው ሲሄዱ አየኋቸው።

መሽቶብን ከአንድ ቤት አደርን፤ ሲነጋ ቁልቁለቱን ጀመርን። ጭጋጉ ተገፎ ቡታጅራ ከታች በፀሐይ ታየች። ሌሎቹ ውኃ ሊጠጡ ወደ ምንጩ ሲወርዱ እኔና ከድር ብቻችንን ቀረን። አንደኛው ዓይኑ ክፍት ነው፤ ሰማዩን ያያል።

"ደምሴ።"

"አቤት።"

"ወደ አንተ እኮ ነበር የምሮጠው።"

"ልትመታኝ ነው?"

"አይ። ልጠይቅህ ነበር። እነሱን ትዋሽ እንደሆነ እንጃ፣ እኔን ግን አትዋሸኝም ብዬ ነው። እውነት በውጭ ነው የሄደችው?"

የነጠላውን ጫፍ አስተካከልኩለት።

"ንገረኝ እንጂ።"

"በውጭ ነው ከድር።"

ንብ በፊቱ ላይ ስትዞር በእጄ አባረርኩለት።

"እኔ ከነበርኩበት የገባች ነው የመሰለችኝ" አለ። "ወላሂ፣ የገባች ነው የመሰለችኝ። ስማኝ ደምሴ። ይህ ዓይኔ አይድንም፤ ውስጡ ሲፈስ ይሰማኛል። አዲስ አበባም ቀረ። አባቴም ልክ ሆነ። ጋዜጣው ላይ ግን ጎል ነው ብለህ ጻፍልኝ። ሌላ ምንም አልልህም። ዓይኔን የከፈልኩበት ነገር ጎል ይሁንልኝ።"

ልጆቹ ከምንጩ ተመለሱ። ቃሬዛውን አነሣን።

የቡታጅራ ጤና ጣቢያ ድሬሰር ነጠላውን ገልጦ አየና መልሶ ሸፈነው። "ቶሎ ብትደርሱ ኖሮ…" ብሎ ጋሽ ሁሴንን ሲያይ ቀሪውን ተወው። እናቱ እትዬ ራህመት ራሳቸውን ይዘው "ያ ረቢ፣ ያ ረቢ" ይላሉ። በአውቶቡስ አዲስ አበባ ወሰዱት። ዓይኑን አወጡለት።

እሱ እዚያ ሳለ ዲሬክተሩ ቢሯቸው አስጠሩኝ። መምህር አስፋውም ነበሩ። ከዲሬክተሩ ራስ በላይ የጃንሆይ ሥዕል ተሰቅሏል።

"ዘገባህን አምጣ" አሉኝ።

"ገና አልጻፍኩም ጌታዬ።"

"እንግዲያው እኔ ልንገርህ። ንጹሕ ጎል አገባን፤ የወልቂጤ ተማሪዎች ሽንፈቱን መቀበል አቅቷቸው ልጃችንን በድንጋይ መቱት። ይኸው ነው።"

"ጎሉ ንጹሕ አልነበረም። ድንጋዩንም ማን እንደ ወረወረው አላየሁም።"

"ማን ሊወረውረው ይችላል ታዲያ? እኛ?"

"አላየሁም ጌታዬ። ጀርባዬን ሰጥቼ ነበር።"

ዲሬክተሩ ወንበራቸውን ወደ እኔ አስጠጉ። "ልጄ፣ በዚህ ዘመን ተማሪ ዳኛ ተሳሳተ ብሎ የጻፈው ነገር የት እንደሚደርስ ታውቃለህ? ዛሬ የኳስ ዳኛ፣ ነገ ሌላ ዳኛ። የውድድሩ ኮሚቴ ደግሞ ሁለቱንም ቡድን ከውድድሩ አስወጥቷል። ለዚያ ልጅ አባት ምን ልበለው? ልጅህ ለከንቱ ነው የታወረው ልበለው?"

ከቢሮው ስንወጣ መምህር አስፋውን፣ "ምን ላድርግ?" አልኳቸው። መቼም ሰው የሚነግረኝን ማድረግ ነው የምወደው። በዛፉ ጥላ ሥር ቆሙ።

"ሜዳው ላይ ዝም በል ያልኩህ ፈርቼ ነው" አሉኝ። "ለአንተ ይሁን ለራሴ አላውቅም። ዝም ብትል ኖሮ ልጁ ዓይኑ ይተርፍ ነበር፤ ይህን ሁለታችንም እናውቃለን። አሁን ግን ተናግረሃል። በአፍህ አንድ ነገር በብዕርህ ሌላ ነገር ካልክ ሁለቱንም ታጣለህ። ጻፈው። ራስህን አትጻፍ ያልኩህንም ተወው፤ ራስህንም ጻፍ።"

ጻፍኩት። አጭር ነበር። ኳሷ በየት እንዳለፈች፣ ዘጋቢው የት እንደ ቆመ፣ ማን ጠይቆት ምን እንደ መለሰ፣ ከዚያ በኋላ ጠብ እንደ ተነሣ፣ ከድር ሁሴን ዓይኑን እንደ ተመታ፣ ድንጋዩን የወረወረውን ዘጋቢው እንዳላየ። የከድርን ስም ስጽፍ የቀዩን ቀለም ጠርሙስ አየሁት። በቀይ ብጽፈው እንደ ዕብለት፣ ባልጽፈው እንደ ክህደት መሰለኝ። በመጨረሻ በጥቁር ጻፍኩት። መምህር አስፋው ከሥር ፈረሙበት።

ጋዜጣው የተለጠፈው ጠዋት፣ ሰንደቅ ዓላማ ሳይሰቀል ነው። ዲሬክተሩ ከረፋድ በኋላ ቀደዱት፤ ከዚያ በፊት ግን ከድር መጣ። ከአዲስ አበባ እንደ ተመለሰ አላወቅሁም ነበር። አባቱ መጻሕፍቱን እንዲመልስ ነው የላኩት። ነጭ ፋሻ አንዱን የፊቱን ጎን ይዞታል። ከግድግዳው ፊት የተሰበሰቡት ልጆች ሲያዩት መንገድ ለቀቁለት።

እንደ ድሮው ከፊት ቆመ። እንደ ድሮው ጣቱን ከፊደል ፊደል አስኬደ። አንድ ዓይን ስለሆነ አንገቱን ወደ ጎን ያዘነብላል። እኔ ከኋላው ነበርኩ። ስሙ ጋ ሲደርስ ጣቱ ቆመ።

"በቀይ እጽፍልሃለሁ ብለኸኝ ነበር" አለ፤ ዞሮ አላየኝም።

"ከድር…"

"ቆይ፣ ልጨርስ።"

ጨረሰ። የመጨረሻውን መስመር ሁለት ጊዜ አነበበው መሰለኝ። ከዚያ ዞረ። ቁጣ ቢኖረው ይሻለኝ ነበር። ፊቱ ላይ የነበረው ግን የገበያ ቀን ያለፈበት ሰው ድካም ነው።

"ኳሷን አየሃት" አለኝ። "ድንጋዩን ግን አላየኸውም።"

መጻሕፍቱን ደረቱ ላይ አቅፎ በበሩ ወጣ።

ከዚያ በኋላ አንድ ጊዜ አይቼዋለሁ። ወደዚህ ወደ ዩኒቨርሲቲው ልመጣ ስል ልሰናበተው መንደራቸው ሄድኩ። ከአባቱ ጋር በማሳው ውስጥ በርበሬ ይለቅም ነበር። ጋሽ ሁሴን፣ "አሰላሙ አለይኩም፣ ግባ ልጄ፣ እንጀራ ብላ" አሉኝ፤ በክፉ ዓይን አላዩኝም። ከድርም ጨበጠኝ። ስለ ዝናቡ አወራን፤ ስለ በርበሬ ዋጋ አወራን። ስለ ኳስ ያነሣ ሰው የለም። ስወጣ ግን የማሳው ዳር ላይ ሁለት አጫጭር እንጨቶች ተተክለው አየሁ። ታናናሽ ወንድሞቹ ናቸው የተከሏቸው። መካከላቸው ባዶ ነው።

ውድ አንባቢያን፣ እዚህ ስለ ጋዜጠኝነት ሥነ ምግባር ስንማር አስተማሪያችን እውነት ምን ጊዜም እንደሚያሸንፍ ይነግሩናል። እኔም በደብተሬ እጽፋለሁ፤ ፈተና ላይም እመልሰዋለሁ። እጄን አንሥቼ ግን አንድ ነገር ጠይቄ አላውቅም። ያየሁት ነገር ጓደኛዬን የሚጎዳው ብቻ፣ ያላየሁት ደግሞ የሚክሰው ብቻ ከሆነስ? የመምህር አስፋውን ሕጎች አክብሬያለሁ። ሦስተኛውን ያጎደልኩትም በራሳቸው ፈቃድ ነው። ስታነቡት የሚያጽናና ነገር ከጠበቃችሁ ይቅርታ አድርጉልኝ፤ ፈልጌ አጥቼ ነው። ያንኑ ጥያቄ አቶ ንዳ ዛሬ ቢጠይቁኝ ያንኑ መልስ የምሰጣቸው ይመስለኛል። የሚያሳዝነኝም ይኸው ነው።

እዚህ የኳስ ሜዳው ጎል መረብ አለው፤ ኳስ ሲገባ መረቡ ያብጣል፤ ሁሉም ሰው ያያል፤ የሚጠይቅ የለም። ጓደኞቼ ለምን ከጎሉ ኋላ እንደማልቆም ይገርማቸዋል። እኔ የምቀመጠው ከሁሉም ኋላ፣ ላይኛው እርከን ላይ፣ ጀርባዬን ለግድግዳው ሰጥቼ ነው። ጨዋታውን ከዚያ አላይም ማለት ይቻላል። እጆችን ነው የማየው። ከሕዝቡ መካከል አንድ እጅ ወደ መሬት ዝቅ ባለ ቁጥር ያን እጅ ተከትዬ እስኪነሣ ድረስ አያለሁ።

እስካሁን ያነሡት ሁሉ የወደቀ ባርኔጣ ነው።